«እንደዚህ ያለ ሌላ አለ?»፦ አይዶል ስለሚሆኑ ልጃገረዶች አኒሜ ለሚፈልግ ሰው

የእህቴ ልጅ 13 ዓመቷ ነው። ክረምቱን ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲላት «ላቭ ላይቭ» የሚባለውን የጃፓን አኒሜ (በሥዕል የሚሠራ ተከታታይ ፊልም) ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየችው። የጨረሰች ቀን ስልኳን እንደያዘች አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና «አክስቴ፣ አለቀብኝ። እንደዚህ ያለ ሌላ አለ?» አለችኝ። እነዚህን አኒሜዎች ለዓመታት ስከታተል ስለኖርኩ ጥያቄው የሚከብድ አልመሰለኝም፤ የአራት አኒሜ ስም ጻፍኩላት። በሳምንቱ ደወለች። አንዱን ሁለተኛው ክፍል ላይ ትታዋለች፤ አንዱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቷታል። «ሁሉም ስለ ዘፋኝ ሴቶች ነው፤ ግን አንዱም እንደሱ አይደለም» አለች።

ጥፋቱ የእኔ ነው። «እንደዚህ ያለ» ስትል ምኑን ማለቷ እንደሆነ ሳልጠይቃት ነው የመለስኩላት። ልጃገረዶች ተሰብስበው የመድረክ ሰው ለመሆን የሚጥሩባቸው አኒሜዎች ከውጭ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፤ ያው ደማቅ ቀሚስ፣ ያው ማይክራፎን፣ ያው ፈገግታ። ውስጣቸው ሲገባ ግን አንዱ ስለ ጓደኝነት ነው፤ አንዱ ስለ እንጀራ ፍለጋ ነው፤ አንዱ ሰውን በሕይወቱ ስለሚያስከፍል ዝና ነው። ኋላ ላይ ቁጭ ብዬ ያስረዳኋትን እዚህ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቃሉን እንያዝ። «አይዶል» ሲባል እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው በቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረው የድምፅ ውድድር ነው። ዳኞች ይቀመጣሉ፤ ድምፁ ያማረው ያልፋል፤ ያልሆነለት ተመስግኖ ይሸኛል። ጃፓን ውስጥ ቃሉ ሌላ ነገር ተሸክሟል፤ ገና ሳትበስል መድረክ ወጥታ በደጋፊዎቿ ፊት እያደገች የምትሄድ ወጣት ዘፋኝ ማለት ነው። በ1964 እዚያ የታየ አንድ የፈረንሳይ ፊልም ርእሱ ውስጥ «አይዶል» የሚል ቃል ነበረውና ቃሉ ከዚያ ወዲህ በሰው አፍ ገባ። በ1971 ኒፖን ቲቪ የተባለው ጣቢያ አዳዲስ ልጆች የሚገኙበት የውድድር ፕሮግራም ጀመረ። ከዚያ የወጣችው ያማጉቺ ሞሞኤ የመጀመሪያ ዘፈኗን ስታወጣ 14 ዓመቷ ነበር። አገር ሁሉ በቴሌቪዥን እያያት አደገች። በ1980፣ ገና በ21 ዓመቷ፣ ልታገባ ስትል ቡዶካን በተባለው አዳራሽ የመጨረሻ ዝግጅቷን አቅርባ ማይክራፎኗን መድረኩ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ተመልካች ከልጅቷ ጋር የሚጓዘው እንዲህ ነው፦ ስትንገዳገድ ጀምሮ። ዛሬ የሳተችውን ርምጃ በሚቀጥለው ወር አስተካክላው ሲያይ እሱም አብሯት ያደገ ይመስለዋል። በ2005 መጨረሻ አኪሃባራ በተባለው የቶክዮ ሰፈር ኤኬቢ48 የተባለው ቡድን 250 ሰው በሚይዝ ትንሽ ቴአትር ሲጀምር ይህንኑ ነገር ይበልጥ አቀረበው፤ አይዶል በሩቅ በቴሌቪዥን የምትታይ መሆኗ ቀርቶ ሄደህ የምታገኛት ሰው ሆነች። በመጀመሪያው ቀን ትኬት ከፍሎ የገባው ሰው 7 ነበር። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። ቡድኑ እያደር አገር ምድሩን ሞላ፤ ሲዲ የገዛ ሰው ወረፋ ይዞ የሚወዳትን ልጅ እጅ ይጨብጥ ነበር፤ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ደጋፊዎች ማን ከፊት ትቁም በሚል በድምፅ ይመርጡ ነበር።

አሁን ወደ አኒሜው። ብዙዎቹ ብቻቸውን የተወለዱ ታሪኮች አይደሉም፤ መመሳሰላቸውም ከዚያ ይመጣል። «ዘ አይዶልማስተር» በ2005 ናምኮ የጌም ቤት ማሽን ላይ ያወጣው ጌም ነበር። «ላቭ ላይቭ»ን በ2010 አንድ መጽሔት፣ አንድ ሙዚቃ አሳታሚና ሰንራይዝ የተባለው ስቱዲዮ ተባብረው ጀመሩት፤ ዘፈኑ ቀድሞ ወጣ፣ ደጋፊዎች ከ9ኙ ልጃገረዶች መሃል ላይ የምትቆመውን በድምፅ መረጡ፣ አኒሜው ገና በ2013 መጣ። ለገጸ ባሕርያቱ ድምፅ የሚሰጡት ተዋንያን፣ ጃፓኖች ሴይዩ የሚሏቸው፣ ራሳቸው መድረክ ወጥተው ዘፈኑንም ጭፈራውንም ያቀርባሉ። ለላቭ ላይቩ ቡድን ለሚዩዝ ድምፅ የሰጡት 9 ሴቶች በ2016 ቶክዮ ዶም የተባለውን ስታዲየም ሞልተው ተሰናብተዋል።

ይህ ሲታወቅ ልጃገረዶቹ ለምን እንዲህ እንደሚበዙ ግልጽ ይሆናል። ከመካከላቸው አንዷን እያንዳንዱ ተመልካች «የእኔ» እንዲላት ነው። እንዲህ ያለችው ኦሺ ትባላለች፤ በሙሉ ልብህ የምትደግፋት ማለት ነው። ከገበያ የተወለደ ነገር ነፍስ የለውም የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አልስማማም። ሠሪዎቹ ያን የገበያ መዋቅር ተቀብለው ውስጡ እውነተኛ ሰው ያስቀመጡባቸው አሉ፤ የምጠቁመውም እነሱን ነው።

ለእህቴ ልጅ በሁለተኛው ዙር የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የትኛው ቦታ ላይ አለቀስሽ?» ሳታስብ ነው የመለሰችው። «ማንም ያልመጣላቸው ጊዜ።»

የ«ላቭ ላይቭ» ሦስተኛው ክፍል ነው። ኦቶኖኪዛካ የሚባል የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪ አጥቶ ሊዘጋ ነው። ቤተሰቧ የጃፓን ባህላዊ ጣፋጭ የሚሸጥ ሆኖካ የምትባል ልጅ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቡድን መሥርታ አዳዲስ ተማሪ ለመሳብ ትነሳለች። ካንዳ ምዮጂን የተባለው መቅደስ ደረጃ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ሲሮጡ ይሰነብታሉ። ወረቀት ይበትናሉ፤ ልብስ ይሰፋሉ። ቀኑ ደርሶ ሦስቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው መጋረጃው ይከፈታል። አዳራሹ ባዶ ነው። አንድም ሰው የለም። ሆኖካ ፈገግ ልትል ትሞክርና እንባ ይተናነቃታል። በዚያች ሰዓት አንዲት ልጅ እያለከለከች በሩን ከፍታ ትገባለች፤ ለዚያች ልጅ ሲሉ ዘፈኑን ይጀምሩታል። ሲጨርሱ የተማሪዎች ማኅበሯ ፕሬዚዳንት ወርዳ «አሁንስ ምን ልታደርጉ ነው?» ትላታለች፤ ሆኖካ እንደምትቀጥልና አንድ ቀን ይህን አዳራሽ እንደምትሞላው ትነግራታለች። ያቺን 7 ያስታወሰ ሰው ይህ ትዕይንት ለምን እውነት እንደሚመስል ይገባዋል።

እዚህ ላይ ያለቀሰ ሰው የሚፈልገው ማንም ሳይጠይቃቸው በራሳቸው የሚነሱ ልጆችን ነው። ደመወዝ የለም፤ አለቃ የለም፤ ያላቸው ጓደኛና ከትምህርት በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ለእሱ የቅርቡ መንገድ የዚያው የላቭ ላይቭ ቀጣዮች ናቸው። እያንዳንዱ በአዲስ ትምህርት ቤትና በአዲስ ልጆች ስለሚጀምር የፊተኛውን ያላየም አይቸገርም። የ2016ቱ «ሰንሻይን» ሺዙኦካ አውራጃ ውስጥ ኑማዙ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ላይ ነው። በርቀት የፉጂ ተራራ፣ ከሥር የዓሣ ጀልባ፣ መሃል ላይ ከቶክዮ ርቀን ምን ልንሆን ነው የሚሉ ልጆች። ከተማዋ እውነተኛ ናት፤ ደጋፊዎች እየተጓዙ ስለሚጎበኟት የልጃገረዶቹ ምስል በመንገድ ላይ የጉድጓድ ክዳኖች ላይ ሳይቀር ተቀርጿል። የ2020ው «ኒጂጋሳኪ» ለየት ይላል፤ ልጆቹ አብረው ይለማመዳሉ፣ መድረክ ላይ ግን እያንዳንዷ በየራሷ ዘፈን ትወጣለች። በቡድን ውስጥ ራሷ የጠፋች ለመሰላት ልጅ ከሁሉ የሚቀርባት እሱ ነው። የ2021ዱ «ሱፐርስታር» ድምፅ እያላት ሰው ፊት ስትቆም በሚዘጋባት ካኖን ይጀምራል።

አንድ ነገር ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። በእነዚህ አኒሜዎች ዘፈኑ ሲጀመር የልጆቹ መልክ ድንገት ሊለወጥባችሁ ይችላል፤ ቆዳቸው እንደ አሻንጉሊት ይለሰልሳል። 9 ሰው አንድ ላይ ሲጨፍር በእጅ መሣል ከባድ ሥራ ስለሆነ የጭፈራው ክፍል በከፊል በኮምፒውተር ስለሚሠራ ነው። መጀመሪያ ዓይን ያስቸግራል፤ በሦስተኛው ዘፈን ይለመዳል።

ልጅቷ የወደደችው ከትምህርት ቤት ይልቅ ሥራው ቢሆን ኖሮ የምሰጣት የ2011ዱን «ዘ አይዶልማስተር» ነበር፤ 25 ክፍል ነው። ለእኔ ከዚህ ዓይነት አኒሜ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። 765 የሚባል ድርጅት አለ፤ ቢሮው ያረጀ ፎቅ ላይ ነው፣ ቁጥሩ መስኮቱ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ግድግዳው ላይ የወሩን ሥራ የሚጽፉበት ነጭ ሰሌዳ አለ፤ ባዶውን ነው ማለት ይቻላል። ተከታታዩ ሲሄድ ሰሌዳው እየሞላ ይመጣል። ማንም ምንም ሳይናገር የእነዚያን ልጆች ዕድል ከዚያ ሰሌዳ ላይ ታነባላችሁ። ሰሌዳው ሲሞላ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ በፊት ሥራ አጥተው አብረው ሻይ ይጠጡ የነበሩት አሁን አንድ ክፍል ውስጥ መገናኘት ያቅታቸዋል። ይህን ሐሩካ የምትባለው ልጅ ስትሸከመው ማየት ልብ ይነካል።

20ኛው ክፍል ላይ ቺሃያ አለች። ከሁሉም ድምፀ መልካሟ እሷ ናት፤ ከመዝፈን ሌላ ምንም የማትፈልግ ዝምተኛ ልጅ። ልጅ ሆና ታናሽ ወንድሟ በመኪና አደጋ ሞቶባታል፤ አንድ የሐሜት መጽሔት ይህን ሲያወጣው ድምፅዋ ይዘጋል። ቤቷን ዘግታ ትቀመጣለች። ጓደኞቿ የአጽናኝነት ንግግር አያበዙም፤ ተሰብስበው ግጥም ይጽፉላታል። መድረክ ላይ ወጥታ ሙዚቃው ተጀምሮ አፏን ስትከፍት ምንም አይወጣም። ያኔ አንድ በአንድ ከኋላ እየወጡ ጎኗ ቆመው ይዘፍኑላታል፤ ከመካከላቸው ድምፅዋ ቀስ ብሎ ይመጣል። ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ትርጉም አያስፈልገውም።

በሥራው በኩል መራራውን ለመቅመስ «ዌክ አፕ ገርልስ» አለ፤ 2014 ነው፤ የታሪኩን መጀመሪያ የያዘውን ፊልም አስቀድሙ። ቦታው ሴንዳይ ነው፣ የ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ የመታው አካባቢ። ድርጅቱ ትንሽ ነው፤ ባለቤቷ ገንዘቡን ይዛ ትሰወራለች፤ ልጆቹን የመዋኛ ልብስ አልብሶ የሚያስቆም ውርደት ያለበት ሥራ ይላካሉ። ሥዕሉ ብዙ ቦታ ደካማ ነው፤ ያን አልደብቅም። ቢሆንም ከኬሰኑማ የመጣችው ካያ ወደ ባሕሩ ስትመለከት የሚሰማው ዝምታ ሌሎቹ ዘንድ አይገኝም። ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት ግን አልመክረውም።

ለትንንሾቹ «አይካትሱ» ይበቃል። እናቷ በሣጥን የታሸገ ምሳ የምትሸጥ ኢቺጎ የምትባል ልጅ ናት ዋናዋ፤ ክፋት የለበትም፣ 178 ክፍል ስለሆነም ቶሎ አያልቅም። ሥሩን ማየት የሚፈልግ ደግሞ የ1983ቱን «ክሪሚ ማሚ» ይይ፦ የ10 ዓመት ልጅ በአስማት 16 ዓመት ሆና አይዶል ትሆናለች፤ የምትወደው ልጅ ግን ያልኖረችውን ትልቋን ይወድባታል። ድምፅ የሰጠቻት ኦታ ታካኮ ራሷ አዲስ አይዶል ነበረች።

አሁን ሌላ በጣም የምወደው ጋ ደረስኩ። «ዞምቢ ላንድ ሳጋ»፣ 2018፣ ማፓ የተባለው ስቱዲዮ የሠራው። ሳኩራ የምትባል ልጅ በ2008 የአይዶል ውድድር ማመልከቻዋን ይዛ ከቤቷ ስትወጣ መኪና ይገጫትና ትሞታለች፤ ከ10 ዓመት በኋላ ዞምቢ ሆና ትነቃለች። ከተለያየ ዘመን ከሞቱ ሌሎች ሴቶች ጋር፣ ሳጋ የምትባለውን ሰው የረሳት አውራጃ ለማስታወቅ አይዶል ይሆናሉ። ሲነገር ቀልድ ይመስላል፤ ያስቃልም። ግን ስድስተኛው ክፍል ላይ ሁለቱ ይጣላሉ። ጁንኮ በ1980ዎቹ ዝነኛ የነበረች፣ አይ የምትባለው ደግሞ በ2000ዎቹ። ከዝግጅት በኋላ ደጋፊዎች ተሰልፈው ከልጆቹ ጋር ወዲያው የሚታተም ፎቶ ይነሳሉ፤ ቼኪ ይባላል። ጁንኮ ትሸሻለች። በእሷ ዘመን አይዶል ከመድረክ ላይ በሩቅ የምትታይ ነበረች፤ እንዲህ ጎን ለጎን ቆሞ ፎቶ መነሳት ነውር ሆኖ ነው የሚሰማት። አይ ደግሞ ደጋፊው ስንሳሳትም ስናድግም አብሮን ስለሆነ ነው የሚወደን ትላታለች። ከላይ ከያማጉቺ ሞሞኤ እስከ አኪሃባራ የተረክሁት ከ30 ዓመት በላይ የፈጀ ለውጥ በሁለት ሴቶች ኩርፊያ ውስጥ ተቀምጧል፤ አንዳቸውም አልተሳሳቱም።

በተመልካቹ በኩል መቆም የሚፈልግም አለ። የ2020ው ኦካያማ ከተማ ላይ ያለው «ኦሺ ቡዶ» ለእሱ ነው። ኤሪፒዮ የምትባለው ደጋፊ ዳቦ ፋብሪካ እየሠራች ደሞዟን ሁሉ ሲዲ ትገዛበታለች፤ ልብሷን ሳይቀር ሸጣ በቀይ የስፖርት ቱታ ትሄዳለች፤ የምትወዳት ማይና ደግሞ ከቡድኑ ደጋፊ የሚያንሳት ዓይን አፋር ልጅ ናት። ሁለቱም አንዳቸው ለሌላቸው ያላቸውን መናገር አይችሉም።

የእህቴን ልጅ እንቅልፍ የነሳው «ኦሺ ኖ ኮ» ነበር። አካሳካ አካ የጻፈው፣ ዮኮያሪ ሜንጎ የሣለችው ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ነው፤ አኒሜው በ2023 ወጣ፤ የመግቢያ ዘፈኑ፣ ዮአሶቢ የተባለው የሙዚቃ ቡድን «አይዶል»፣ ከአሜሪካ ውጪ ያለውን የቢልቦርድ የዓለም ዘፈኖች ሰንጠረዥ የመራ የመጀመሪያው የጃፓንኛ ዘፈን ሆኗል። ልጆች ዘፈኑን ሰምተው ነው ወደ አኒሜው የሚሄዱት፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያው ክፍል 90 ደቂቃ ያህል ነው፤ በፈገግታ ይጀምርና በደም ያልቃል። ሆሺኖ አይ ፍቅርን ሳታውቅ ያደገች ልጅ ናት፤ ለሺዎች «እወዳችኋለሁ» የምትለው አንድ ቀን እውነት ይሆን እንደሆነ ብላ ነው። በኋላም በኢንተርኔት ስድብ ተከባ ራሷን ልታጠፋ የምትሞክር ወጣት አለች። ድንቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ነፍስ ላወቀ ሰው ነው፣ ለ13 ዓመት ልጅ ብቻዋን በስልክ የሚሰጥ አልነበረም። ሳቶሺ ኮን በ1997 የሠራው «ፐርፌክት ብሉ» ደግሞ ለአዋቂ ብቻ ነው። ሚማ ከቡድኗ ወጥታ ተዋናይ ልትሆን ስትል አንድ ደጋፊ ያረጀውን የአይዶልነት ምስሏን ሙጥኝ ብሎ ያሳድዳታል፤ የጾታ ጥቃት ትዕይንት አለበት።

እነዚህ ሁለቱ የሚያሳዩት የተጋነነ ለሚመስለው፣ አንድ የፍርድ ቤት ታሪክ ልንገር። ብዙ ድርጅቶች አይዶሎቻቸው ፍቅረኛ እንዳይዙ በውል ያስፈርማሉ፤ «የእኔ» የሚለው ደጋፊ እንዳይከፋ። በ2015 መስከረም የቶክዮ አውራጃ ፍርድ ቤት ይህን ውል ያፈረሰች የ17 ዓመት ልጅ ለድርጅቷ 650,000 የን እንድትከፍል ወሰነ። በጥር 2016 በሌላ ተመሳሳይ ክስ ላይ የዚያው ፍርድ ቤት ሌላ ዳኛ ፍቅር የሰው ልጅ ደስታውን የመፈለግ ነፃነት ነው ብለው የድርጅቱን ካሳ ጥያቄ አልተቀበሉም። በአራት ወር ልዩነት ማለት ነው። ደማቁን አኒሜ ለሚወድ ልጅ፣ ትንሽ ሲያድግ፣ ይህንንም ማወቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

አይዶል ራሱ ሰልችቶት ሴት ልጆችና ሙዚቃን ብቻ የሚፈልግም አለ። ለእሱ መሣሪያ የሚጫወቱትን እሰጣለሁ፦ የ2009ኙን «ኬይ ኦን» እየሳቀ ኬክ ለሚበላ፣ የ2022ቱን «ቦቺ ዘ ሮክ» ሰው ለሚፈራ፣ የ2024ቱን «ገርልስ ባንድ ክራይ» ለተናደደ።

ለእህቴ ልጅ በመጨረሻ የሰጠኋት «ሰንሻይን»ን ብቻ ነው፤ አንድ ስም፣ ሌላ ምንም ሳልጨምር። ትናንት ማታ ደወለች። ድምፅዋ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነበር። «አክስቴ» አለች፣ «ቶክዮ ድረስ ሄደው ዘፍነው ዜሮ ድምፅ አገኙ። አንድ ሰው እንኳ አልመረጣቸውም።» ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ንገሪኝ አለችኝ፤ አልነገርኳትም። ስልኩን ሳትዘጋው የሚቀጥለው ክፍል መግቢያ ዘፈን ሲጀምር ሰማሁት።